የጥብስ ምድጃን የሚጨርሰው እሳት አይደለም



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥብስ ምድጃ ነው። «ለምድጃ ደግሞ ዲስኩር ምን ያደርጋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለፋሲካ በሬ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን፣ ሻኛውን ዳብሰን፣ አስነሥተን አስኪደን፣ ከደላላ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክረን ነው። ቅርጫ የገባን እንደሆነማ መደቡ እኩል መሆኑን ስናይና ስናሳይ ይመሻል። ያ ሥጋ የሚያርፍበትን ብረት ግን በዋዜማው ከመንገድ ዳር አንሥተን፣ «ስንት ነው?» ብለን፣ ጥቂት አስቀንሰን ይዘን እንገባለን። በሁለተኛው ዓመት ወለሉ ይበሳል፤ በሦስተኛው እግሩ ይወላገዳል፤ ከዚያ ቁራሌው ይወስደዋል። ለበሬው ካደረግነው ምርመራ ሩቡን ለምድጃው ብናደርግለት ልጆቻችን ይጠብሱበት ነበር።

ብዙ ሰው ምድጃ በእሳት የሚያልቅ ይመስለዋል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ግን ምድጃ የሚያልቀው ሥራ ሲፈታ ነው። በፍስክ ሳይሆን በጾም ያረጃል። ቀልድ አይደለም፤ ወሮቹን አብረን እንቁጠር። ምድጃችን የሚሠራው በፋሲካ፣ በገና፣ በጥምቀት፣ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ አልፎ አልፎም በክርስትናና በእንግዳ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። እነዚህ ሁለቱ በበጋ ስለሚውሉ ምድጃው ከጓሮ ቢቀመጥም አየሩ ደረቅ ነውና ብዙ አይጎዳም። አደገኞቹ በዝናብ የሚውሉት ናቸው፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ተይዞ ሐምሌ 5 የሚፈታው የሐዋርያት ጾም፣ እና ከነሐሴ 1 እስከ 16 ያለው ፍልሰታ። በእነዚህ መካከል ያሉት የሐምሌ ቀናትም ቢሆኑ ሰው ደጅ ወጥቶ ፍም የሚያቀጣጥልባቸው አይደሉም። ስለዚህ ምድጃው ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ያለፈውን ጥብስ አመድ እንደ ያዘ ከአጥር ሥር ይቆማል። ከተማችን በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም በዚሁ ጊዜ ነው።

አሁን ይህን ተመልከቱ። (እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ከአንድ ጎረቤት ግቢ የመጣ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ምድጃ ነው፤ ከኋላ ያላችሁ በኋላ ቀርባችሁ እዩት።) ወለሉ ላይ እጄን ላሳልፍ። መሐሉ፣ ፍሙ በየጊዜው ሲንተገተግበት የኖረው ቦታ፣ ጠቁሯል፣ ትንሽም ጎብጧል፤ ግን ቀዳዳ የለበትም። አራቱን ማዕዘኖች እዩ። እዚህ እሳት ደርሶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ወንፊት ሆነዋል። በጣቴ ስጫነው እየተቀረፈ ይወርዳል። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ምንድን ነው? ማንም ያልጠረገው አመድ። አመድ እርጥበት ይስባል፤ ከሳበ በኋላም ቶሎ አይለቅም። በውስጡ ከእንጨቱ የመጡ ጨዎች አሉ፤ ከሥጋው የሚንጠባጠበው ጨው ደግሞ ይጨመርበታል። ጨው ያለበት እርጥብ አመድ ብረት ላይ ሦስት ወር ሲተኛ ዝገቱ ከላይ ሳይታይ ከሥር ይበላል። ይህ ምድጃ በፍም አልሞተም። አመዱ ሐምሌን አብሮት ስለከረመ ነው የሞተው።

እንግዲህ ምድጃ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሙቀት ይችላል ወይ?» ሳይሆን «አመዱ በቀላሉ ይወጣል ወይ?» መሆን አለበት ባይ ነኝ። ፍሙ በቀጥታ ወለል ላይ የሚተኛበት ምድጃ፣ ብረቱ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን፣ አልመክርም። ፍሙ የሚተኛበት የራሱ ፍርግርግ ይኑረው። ከዚያ በታች ባዶ ቦታ፣ ከባዶው ቦታ በታች እንደ ኮመዲኖ መሳቢያ የሚሳብ የአመድ ትሪ ይኑር። ያን ጊዜ ወለሉ እሳትም አያየውም፣ አመድም አይተኛበትም። አየሩም ከታች ወደ ፍሙ ስለሚገባ ማራገቢያ ይዞ የሚቆም ሰው አያስፈልግም።

አየር ካነሣሁ አይቀር ስለ ከፍታችን ጥቂት ልበል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ባቄላ ቶሎ አይበስልልኝም ስትሉ ስንፍናችሁ አይደለም ማለት ነው። አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ እፍኝ አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጡ ምድጃዎች የአየር ቀዳዳቸው የተለካው ለዚህ ከፍታ ስላልሆነ ብዙዎቹ እኛ ዘንድ ሲመጡ ፍማቸው ይተኛል፣ ይጨሳሉ። በያጅ ጋ የምታሠሩ ከሆነ ቀዳዳውን አብዙት፤ መዝጊያም አሠሩለት። የበዛን ቀዳዳ መዝጋት ይቻላል፤ ያነሰውን ለመጨመር ግን እንደገና መሰርሰሪያ ይዞ መምጣት ነው።

ወደ ብረቱ እንግባ።

ገበያችን ላይ ያሉት አብዛኞቹ ምድጃዎች ከስስ ላሜራ ወይም ከአሮጌ ቆርቆሮና ጣሳ የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ሄዳችሁ የምታውቁ አሮጌ በርሜል በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃ ሲሆን አይታችኋል። እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች አደንቃለሁ፤ ይህች አገር የምትጥለውን ብረት ሁለተኛ ሕይወት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ምድጃው ለቡና ማፍያ፣ ለወጥ ማሞቂያ ይበቃል። ለጥብስ ግን ስስ ነው።

ውፍረቱን እንዴት እናውቃለን? ሻጩ «ሁለት ሚሊ ነው» ይላል፤ መለኪያ ይዞ ገበያ የሚወጣ የለም። ሚዛን ግን በየሱቁ አለ። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ብናሠራ የሚፈጀው ላሜራ ከስድስት አሥረኛ ካሬ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። ስለዚህ ባለ 1 ሚሊው ሣጥን ያለ እግሩና ያለ ፍርግርጉ ከ4 ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ባለ 2 ሚሊው ወደ 9 ኪሎ ይደርሳል፤ ባለ 3 ሚሊው ወደ 14 ኪሎ። ምድጃውን ይዛችሁ ዘይትና ስኳር ወደሚመዝነው ሱቅ ግቡ፤ የሻጩን ቃል ሚዛኑ ይፈርድበታል። ለቤት ጎኑም ወለሉም 2 ሚሊ በቂ ነው እላለሁ፤ ፍሙ ወለል ላይ እስካልተኛ ድረስ። ሦስት ሚሊ የሚያሠራ ሰው እንደ ሥጋ ቤት በየቀኑ የሚጠብስ ይሁን። አለበለዚያ ከጓሮ ወደ መጋዘን የሚያነሣው ሰው ስለማይገኝ ክረምቱን ውጭ ያድራል፤ ያን ጊዜ ውፍረቱ ራሱ ጠላት ሆነበት ማለት ነው።

ቀጥሎ የቆርቆሮ ነገር። ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚጠብቀው ዚንክ የሚባል ማዕድን ተለብጦበት ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። የተፋፋመ የከሰል ፍም ግን ከ700 ዲግሪም በላይ ይደርሳል። እንግዲህ የጣራ ቆርቆሮ ወይም የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ምድጃ ውስጥ ስታስገቡ ዚንኩ መጀመሪያ ይለቃል፤ ፍሙ ከበረታበትም ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። በያጆች ይህን ያውቁታል፤ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበይዱ ውለው ማታ ብርድ ብርድ የሚላቸው፣ የሚያስላቸውና የሚያተኩሳቸው በዚሁ ጢስ ነው። ወተት ይጠጣሉ፤ ወተቱ ግን ከሳንባ ውስጥ ዚንክ አያወጣም። «እሳት ካየው ምን ለየው» የምንለው ለወጥ እንጂ ለብረት አይሠራም። ስለዚህ ሥጋ አጠገብ ቆርቆሮ አይድረስ። ሥጋው የሚያርፍበት ፍርግርግ ላይም ያው ነው፦ የዶሮ ሽቦ አይሁን፣ የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያም አይሁን። የፍሪጅ መደርደሪያ አንጸባራቂነቱ ያማልላል፤ አንዳንዱ አሮጌ ፍሪጅ ላይ ያለው ልባጥ ካድሚየም ነው፤ ካድሚየም መርዝ ነው።

የበርሜልም ጥያቄ ይነሣል፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ባለ 200 ሊትር በርሜል በየመዝናኛው ታዩታላችሁ። መጥፎ አይደለም። ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ። የምግብ ዘይት ከሆነ መልካም፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የማይታወቅ ኬሚካል ከሆነ ግን እሳት ያነጻዋል ብላችሁ አትግዙት። የውስጥ ቀለሙም ከቤት ርቆ በኃይለኛ የእንጨት እሳት ተቃጥሎ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ካልወጣ የመጀመሪያው ጥብስ የቀለም ጥብስ ይሆናል።

ስቴንለስ የሚወድ ሰው እዚህ መሐል እንዳለ ይታየኛል። እኔም አልጠላውም፤ ግን ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው በአብዛኛው ርካሹ ዓይነት ነው፤ በቁጥር 430 ይባላል፤ ከተራ ብረት ቢሻልም ጨው ሲነካው ነጠብጣብ ያወጣል። 304 የሚባለውን ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ሁለተኛ፣ ይህ ጥሩው ዓይነት ሲሞቅ ከተራው ብረት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ ስስ የስቴንለስ ሣጥን መጀመሪያ ቀን ያበራል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይጣመማል። ገንዘቡ ካላችሁ ሣጥኑን ከተራ ላሜራ አሠርታችሁ ላይኛውን፣ ሥጋው የሚነካውን ፍርግርግ ብቻ ከስቴንለስ ክብ ብረት አሠሩ። ገንዘቡ የሚገባው እዚያ ነው።

ስለ መለጠጥ ካነሣን በያጅ ቤት በጣም የተለመደ ስሕተት ልንገራችሁ። ፍም የሚተኛበትን ፍርግርግ በሁለቱም ጫፍ ከሣጥኑ ጋር ጥብቅ አድርጎ መበየድ ነው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በ600 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ወይ ራሱ ይጎብጣል፣ ወይ ብየዳውን ይገነጥላል፣ ወይ የሣጥኑን ግድግዳ ይገፋል። ከሁለት ፋሲካ በኋላ «ይሄ ብረት ለምን ተንሻፈፈ?» የምንለው ለዚህ ነው። ፍርግርጉ ልቅ ይሁን፤ በአንግል ብረት ደረጃ ላይ ብቻ ይቀመጥ፤ በየጎኑ የግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ልቅ ሲሆን ሌላም ትርፍ አለው፤ ተነሥቶ ይጠረጋል፤ ሲያልቅም ሣጥኑን ሳይነኩ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። የሚቃጠለው ክፍል ተቀያሪ፣ የማይቃጠለው ቋሚ የሆነበት ምድጃ ነው ዕድሜ ያለው ምድጃ። ለታችኛው ፍርግርግ የ12 ሚሊ ፌሮ ይበቃል፤ ውጣ ውረዱ ለፍም ግድ የለውም። ለላይኛው ግን ፌሮ አይሁን፤ በጥርሱ መካከል ስብና ሥጋ ይሰገሰጋል፣ አይጠዳም። ለስላሳ ክብ ብረት፣ 8 ሚሊ፣ በየመካከሉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ክፍተት፤ ዝልዝሉ እንዳይወድቅ። ከፍም እስከ ሥጋ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይኑር። የሣጥኑ ማዕዘን ደግሞ በተቻለ መጠን በማጠፊያ ይታጠፍ እንጂ አይበየድ፤ መበየድ ካለበትም ነጥብ ነጥብ ሳይሆን ዳር እስከ ዳር ይሁን። በነጥቦቹ መካከል የምትቀረው ክፍተት የዝናብ ውሃ የሚያድርባት ቤት ናት።

ክዳን ያስፈልጋል ወይ? ያስፈልጋል እላለሁ፤ ምክንያቴም ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። አሜሪካን አገር ቺካጎ አካባቢ ዌበር ብራዘርስ በሚባል የብረታ ብረት ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን በ1952 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የሚሠራውን ክብ የባሕር ምልክት ብረት ለሁለት ቆርጦ፣ አንዱን ምድጃ ሌላውን ክዳን አድርጎ የሠራው ምድጃ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። ሰውየው የሸሸው ነፋስና ዝናብ ነበር። ለእኛ ግን ክዳን ከዝናቡ ባሻገር ከሰል ይቆጥባል። ጥብሱ ሲያልቅ ክዳኑን ገጥማችሁ የአየር ቀዳዳውን ብትዘጉ ፍሙ ታፍኖ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰል ለሚቀጥለው ይቆያል። ክዳን በሌለው ምድጃ ላይ ያ ሁሉ ፍም ጥብሱን በልተን እጃችንን ስንታጠብ ለብቻው አመድ ይሆናል። ውሃ የሚደፋበትም አለ! ትኩስ ብረት ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ያጣምማል፣ አመዱን ጭቃ ያደርጋል፣ ዝገቱን ሰኔን ሳይጠብቅ ይጀምረዋል።

ከሰሉን ካነሣን የጎረቤታችንን የአዊን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር በማሳው ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ወይም ሌላ እህል ይዘራበታል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስለውና መሬቱን እንደገና ያርሳል። ከተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ከሚመጣው ከሰል ይልቅ ይህን ብንገዛ ሕሊናችንም ያርፋል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ መትቶታል፤ የዛፍ ዝገት ይሉታል ባለሙያዎቹ፤ ዝገት እዚያም አልማረን! ከሰል ስትገዙ ከማዳበሪያው ላይ ያለውን ብቻ አትዩ፤ እጃችሁን ከተታችሁ ከሥሩ አውጡ። ሁለቱን ስታጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ በደንብ የከሰለ ነው። ድምፁ የታፈነ ወይም ውስጡ ቡናማ የሆነ ገና እንጨት ነው፤ ይጨሳል። በላምባ አታቀጣጥሉ፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ላይና ታቹ የተከፈተ፣ ከታች ዙሪያውን የተበሳ አሮጌ የዘይት ጣሳ ከሰል ሞልታችሁ፣ ከሥሩ ወረቀትና ጭራሮ ብታነዱበት ያለ ማራገቢያ ይቀጣጠላል።

ላቀች የምትባለውን የከሰል ምድጃ የረሳኋት እንዳይመስላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የኬንያውን ባለ ሸክላ ጂኮ መነሻ አድርጎ በአገራችን የተስፋፋው ይህ ምድጃ ውጩ ላሜራ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ከተራው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ተብሎ ነው የተሠራጨው። ለጥብስ አፉ ጠባብ ነው። ግን ባልና ሚስት ሁለት ልጅ ለሆነ ቤት፣ በበዓል ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ለሚጠብስ፣ ከላይ ፍርግርግ አድርጎለት መጥበስ ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉም ወጥና ቡና ይሠራል። ትልቅ የጥብስ ምድጃ ገዝቶ በዓመት አምስት ጊዜ ከመጠቀም ይህን የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ዋናው ሸክላው ሳይሰነጠቅ መግዛት ነው፤ በጣታችሁ አንኳኩት። የጋዝ ምድጃ? ሲሊንደሩ በየጊዜው በቀላሉ የሚሞላበት ከተማ ላይ ስትኖሩ እንነጋገራለን።

አሁን ወደ ጥገናው። እዚህ ያላችሁ እናቶች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። በጎመን ዘር ታሰሰ፣ ተሟሸ፣ ከዚያ ያስወጣል። የብረት ፍርግርግም እንዲሁ መሟሸት ይፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ ወንድ ግን አላየሁም፤ ጥብሱን የሚይዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። አዲሱን ፍርግርግ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፤ በጣም ስስ አድርጋችሁ የኑግ ዘይት ቀቡት፤ ፍም ላይ ጢሱ እስኪያልቅ አሙቁት፤ ሁለት ሦስቴ ድገሙት። የኑግ ዘይት ሲሞቅ ብረቱ ላይ ደርቆ ጥቁር፣ ለስላሳ ሽፋን ይሠራል። ሥጋው አይጣበቅም፣ ዝገቱም አይጀምርም። ጎጃም የኑግ አገር ናት፤ ዘይቱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የሣጥኑ ውስጥም በዚሁ ዘይት ይታበስ። አንቲረስትና ቀለም የሚቀባው ውጩና እግሩ ብቻ ነው፤ ውስጡን የቀባ በያጅ ካያችሁ ክፍያውን ያዙት።

ሌላው መድኃኒት ምድጃውን ሥራ አለማስፈታት ነው። መነሻዬ ላይ በጾም ያረጃል ብያለሁ፤ ይሁንና በጾም የሚጠበስ የለም ያለው ማነው? ክረምት በገባ ቁጥር በየመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት የሚጠብሱትን እህቶች ተመልከቱ። ከነሐሴ እስከ መስከረም ከጧት እስከ ማታ ምድጃቸው ይነድዳል፤ ላያቸው ላይ ጃንጥላ፣ ዙሪያቸው ጭቃ ነው። አንዷን ጠይቄያት ነበር፤ የምድጃዋን ወለል ጭቃና አመድ ለውሳ በየክረምቱ መጀመሪያ ትለስነዋለች፤ ብረቱን እሳትም የፍም አመድም አይነካውም። በየቀኑ ስለሚነድድም እርጥበት አያድርበትም። ከስስ ቆርቆሮ የተሠራው የእሷ ምድጃ ከብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ ካለው ወፍራም ምድጃ ይልቅ ዕድሜ አለው። በፍልሰታ በቆሎ ጥበሱ፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጣውን ድንች ከነልጣጩ ፍም ዳር ቅበሩት፤ ቃሪያ ጥበሱ። ምድጃው በሳምንት አንዴ ከሞቀ ዝገት አይደፍረውም።

ሙቀት ሲባል ግን አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ደጋ ነን፤ ማታ ይበርዳል። ጥብሱ አልቆ ፍሙ ሲተርፍ «ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። በየዓመቱ ሰው ይሞታል፤ አንዳንዴም ቤተሰቡ በሙሉ። ጢስ የሌለው፣ የጠራ፣ ቀይ ፍም ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሰው አያስለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ እንቅልፍ ብቻ ያመጣል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን አካል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ፍም ያለበት ምድጃ ሰው ከሚተኛበት ቤት አያድርም፤ በቃ። ክዳን ይኑረው ያልኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ፍሙ ደጅ ታፍኖ ከጠፋ ወደ ቤት የሚያስገባው ሰው አይኖርም።

ከበያጁ ጋር ስላለን ግንኙነት አንድ ቃል ጨምሬ ላብቃ። ብረት የሚሠራ ሰው በአገራችን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ክርክራችን ላይ ግን ቅሪቱ አለ። የላሜራውን ዋጋ ያለ ቅሬታ እንከፍላለን፤ የእጁን ዋጋ ስንሰማ «ለዚችማ!» እንላለን። ያን ጊዜ በያጁ ከሁለት ሚሊው ወደ አንድ ሚሊው ቢወርድ ጥፋቱ የማን ነው? ስለዚህ አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ፦ የላሜራው ውፍረት፣ ታችኛው ፍርግርግ ልቅ መሆኑ፣ የአመድ ትሪው ተሳቢ መሆኑ፣ ክዳንና የአየር መዝጊያ፣ ማዕዘኑ የታጠፈ፣ ውስጡ ያልተቀባ። በዚያ ወረቀት ላይ ዋጋ ተስማሙ፤ ከተስማማችሁ በኋላ አታስቀንሱ። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ መካከል ይሁን። ፋሲካ ሲቃረብ ብየዳ ቤቱ በበርና በመስኮት ሥራ ይጨናነቃል፤ የችኮላ ብየዳ ነጥብ ነጥብ ነው። መካከሉ ላይ ካዘዛችሁ በያጁም ይረጋጋል፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ፍርግርጉን ሦስት ጊዜ አሟሽታችሁ ለትንሣኤ ታደርሱታላችሁ። ወረቀቱን እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት የሚፈልግ ካለ አንድ ናሙና ከዚህ ከተበላው ምድጃ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።